ሳጥኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ

በጃንሆይ ዘመን ሰቆጣ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ስላችሁ ትልቅ ሰው እንዳይመስላችሁ። ቀለም እበጠብጣለሁ፣ መዝገብ አገላብጣለሁ፣ ዋና ጸሐፊው ሲያስነጥሱ ከሁሉም ቀድሜ "ይማርዎ" እላለሁ፤ በቃ ሥራዬ ይኸው ነበር። ግን ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ነበርና ከእኔ ወዲያ የተማረ ያለ አይመስለኝም። በዚያ ሁሉ ዓመት አገልግሎቴ መንግሥት አንድ ነገር በራሴ ጭንቅላት እንድመርጥ የፈቀደልኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ በምን ተይዞ መንገድ እንደሚሄድ። እኔም መረጥኩ። ምነው እጄን ቁርጥማት ይዞት፣ ምላሴም ታስሮ በነበር።

ነገሩ የተነሣው ባሏ በሞተባት አንዲት ሴት ምክንያት ነው። አገሯ ከሰቆጣ ሁለት ቀን በእግር የሚያስኬድ፣ ወደ ሰሃላ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለ አጥቢያ ነው። በጣሊያን ጊዜ አውሮፕላን የጣለው፣ ሳይፈነዳ አፈር ለብሶ የቀረ ቦምብ እርሻዋ ውስጥ ነበር። ባሏ ሲያርስ ማረሻው ነካውና እሱንም ከጥማዱ አንዱን በሬም ይዞ ሄደ። የቀራት አንድ በሬ፣ ሐረር በኩል ነው የሚባል፣ ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ አንድ ወታደር ልጅ፣ እና ማንም እግሩን የማያሳርፍበት መሬት ነው። ሌላው ይዞታዋ ጭንጫ ነው፤ እህል የሚያበቅለው ያ አንዱ መሬት ብቻ ነው። ወንድሟ የእሷን በሬ ከራሱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ሊያርስላት ዝግጁ ነበር። ግን ሌላ ቦምብ ይኑር አይኑር ሳይታወቅ ማን በሬውን ያገባል፣ ማንስ ራሱ ይገባል? ሦስት ክረምት መሬቱ ሳይታረስ አለፈ።

ስለዚህ ሴትዮዋ አቤቱታ ይዛ ትመጣ ነበር። ነጠላዋን አደግድጋ በሩ ላይ ትቆማለች። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብረቱን ከመሬቴ አውጡልኝ፣ ልረስ። እኔ ደግሞ በትሕትና "ነገ ይመለሱ" እላታለሁ። ቤቷ ሁለት ቀን ነው እኮ። ነገ የሚባለው ቀን ለእሷ ገና መንገድ ላይ ያለችበት ቀን ነው። ያኔ ይህ አልታየኝም። እንዲያውም በጨዋነቴ እኮራ ነበር።

በአራተኛው ዓመት፣ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ፣ የወረዳውን ሕዝብ ሁሉ ያስገረመ ነገር ሆነ፤ አቤቱታዋ መልስ አገኘ። አንድ ሃምሳ አለቃ ከደሴ እስከ ኮረም በመኪና፣ ከኮረም በበቅሎ ተጉዞ መሣሪያውን አመጣው። ረጅም ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ ትልቅ የድስት ክዳን ያለ ክብ ነገር አለው፣ ከወገቡ ላይ የባትሪ ሳጥን፣ ከዚያ ደግሞ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ። ሰውዬው በወታደር ብርድ ልብስ ጠቅልሎት ነው የመጣው። ዘንጉ ሲጠመዘዝ ለሦስት እንደሚፈታ፣ ገለባ በተጎዘጎዘበት ሰፊ አገልግል ውስጥ ቢገባ በበቅሎ ሁለት ቀን እንደሚደርስ፣ ግማሽ ቀን እንደሚሠራበትና ከዚያ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ነገረን። እንዲህ ቀላል አድርጎ የሚያወራ የመንግሥት ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሰውዬውን ወዲያው ናቅሁት። ሴትዮዋ በዚያ ሰሞን ለገበያ መጥታ ነበርና ወሬውን ሰማች፤ ደጃፋችን ላይ ተንበርክካ መሬት ሳመች። ዝናቡ ሊጀምር ገና አንድ ወር ከመንፈቅ አለው። በዚህ ሳምንት እንመጣለን አልኳት፤ እየመረቀችኝ ሄደች።

ዋና ጸሐፊው ግን የመሣሪያውን መረከቢያ ቅጽ አነበቡ። ቅጹ "አንድ ሙሉ መሣሪያ" ይላል። አንድ ተብሎ የመጣ ንብረት ሦስት ሆኖ ከጽሕፈት ቤቱ አይወጣም አሉ። ሦስት ሆኖ ሄዶ ሁለት ሆኖ ቢመለስስ? ለማን ሊነገር ነው? ሃምሳ አለቃው ዕቃው ሲሠራም ተፈቶ እንዲገጠም ተደርጎ መሆኑን ሊያስረዳ ሞከረ። ዋና ጸሐፊው በመነጽራቸው ላይ ሽቅብ አዩትና፣ አንተ ወታደር ነህ፣ ንብረት ግን የሚያውቀው ንብረት ክፍል ነው አሉት። እኔ ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ ነበር። ነገሩ ገብቶኝ አይደለም፣ ዋና ጸሐፊው ሲናገሩ ጭንቅላቴ በራሱ ይነቀነቅ ስለነበር ነው።

እንግዲህ ሳይፈታ በምን ይያዝ? በዚህ ላይ ሦስት ጊዜ ተሰበሰብን። ብርድ ልብሱ ይበቃል ተባለ፤ የመንግሥት ንብረት እንደ ሕመምተኛ አይጠቀለልም ተብሎ ወደቀ። ስልቻ ተባለ፤ አጭር ነው፣ ደግሞም የሽምብራ ብናኝ ይገባበታል። አገልግሉ እንደገና ተነሣ፤ የምሳ ዕቃ ነው፣ ያዋርደናል ተባለ። ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ትልቅ የመጽሐፍ ማኅደር እንዋስ ያለም ነበር፤ ቄሰ ገበዙ ሰምተው ለሐሳቡ ባለቤት ንስሐ ሊሰጡት ፈለጉ። በዚህ ሁሉ መካከል ከሚያዝያ ሁለት ሳምንት ሄደ። በሦስተኛው ስብሰባ ላይ እኔ ተነሥቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በልኩ የእንጨት ሳጥን ይሠራለት አልኩ። ዋና ጸሐፊው ጠረጴዛውን መቱና "ትምህርት ማለት ይህ ነው" አሉ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሃምሳ አለቃው ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ።

በከተማው የታወቀ አናጢ አንድ ነበር። የቤተ ክርስቲያን በር ይሠራል፣ አልጋ ይሠራል፣ ትልቅ ሰው ሲሞት ደግሞ የሬሳ ሳጥን ይሠራል። ያኔ በእኛ አገር ባላገር በሰሌን ተጠቅልሎ ነው የሚቀበረው፤ ሳጥን የመኳንንት ነው፣ አለዚያም መንግሥት ከሩቅ አገር ለሚያመጣው ሬሳ ነው። አናጢው መሣሪያውን መሬት ላይ አጋድሞ በገመድ ለካው። ርዝመቱን አንድ ጊዜ ለካ፣ ስፋቱን ከላይና ከታች ለካ፣ ከዚያ "ትከሻው ጋ ሰፋ፣ እግሩ ጋ ጠበብ ላድርገው?" ብሎ ጠየቀኝ። ክቡ ነገር ያለው በአንዱ ጫፍ ስለሆነ አሰብኩበትና፣ ልክ ነህ፣ እንደዚያ አድርገው አልኩት። በሙያው ተደንቄ ነበር እኮ! የቤተ ክርስቲያን በር ጀምሮ ስለነበር ሳጥኑ ሌላ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሲያመጣው ከጥሩ ጽድ የተሠራ፣ በሰም የተወለወለ፣ ክዳኑ ላይ ማንም ሳያዘው መስቀል የተቀረጸበት ነበር። መስቀሉ መንገዱን ይባርካል አለ። ዋና ጸሐፊው እጃቸውን በመስቀሉ ላይ እያሻሹ ሥራ ማለት ይህ ነው አሉ።

ቀጥሎ ሳጥኑ በቅሎ ላይ አልሆን አለ። በጎን ሲጫን ገደሉንና ቋጥኙን ባንድ ላይ ይነካል፤ በርዝመቱ ሲጫን በቅሎዋ አንገቷን ማዞር አትችልም፣ ኋላዋንም ሲነካት ትራገጣለች። ስለዚህ አራት ተሸካሚዎች ተቀጠሩና በትከሻቸው ያዙት። ዋና ጸሐፊው ደግሞ የመንግሥት ንብረት መሆኑ በሩቁ እንዲታወቅ ባንዲራ ጣሉበት። ሃምሳ አለቃው በወታደር ልብሱ ከጎኑ ሆነ። እኔ በቢሮ ጥቁር ኮቴ ከኋላ ሆንኩ፤ ከዚያ የተሻለ ኮት አልነበረኝም። ደብዳቤው የጦር ሠራዊት መሣሪያ ስለሆነ "ምስጢር" የሚል ማኅተም ነበረበትና ምን እንደያዝን ለማንም እንዳንናገር ታዘዝን። የሚጠይቅ ቢኖር የመንግሥት ጉዳይ ነው በል ተባልኩ። ግንቦት ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከሰቆጣ ወጣን።

እናንተ እያነበባችሁ ስለሆነ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታያችኋል። እኔም ዛሬ ይታየኛል። ያኔ ግን እያንዳንዳችን የምናየው የየራሳችንን ቁራጭ ነበር፤ ዋና ጸሐፊው ንብረት፣ አናጢው እንጨት፣ እኔ ደግሞ ዕድገቴን።

ከከተማው ወጥተን ገና ሰዓት ሳይሞላን የመጀመሪያዎቹ አራሾች ከማዶ አዩን። በሬዎቻቸውን አቁመው፣ ጋቢያቸውን አውርደው መጡ። አንድ ሽማግሌ ከበቅሎ ወረዱ። ማነው አሉኝ። የመንግሥት ጉዳይ ነው አልኩ። ሽማግሌው ወታደሩን አዩ፣ ባንዲራውን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁና "እግዚአብሔር ያጥናህ ልጄ" አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስከሚገባኝ ድረስ ሦስት ሰዎች ተሸካሚዎቻችንን ተክተው ሳጥኑን ይዘው እየሄዱ ነበር። በእኛ አገር ሬሳ ያገኘ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። ሥራውን ትቶ እስከ ቀጣዩ አጥቢያ ድንበር ይሸኛል፣ እዚያ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ቀጣዩም አጥቢያ አሳርፎ፣ አልቅሶ፣ ንፍሮ አብልቶ ነው የሚለቀው። ቄስ ካለ ደግሞ ፍትሐት ሳያደርስ አይለቅም።

ይኸውላችሁ፣ የሁለት ቀኑ መንገድ አምስት ቀን ሆነ። በየአጥቢያው ሴቶች ይወጣሉ፤ በኽምጣኛም በአማርኛም ሙሾ ያወርዳሉ። የማያውቁትን ጎበዝ፣ ሚስት ሳያገባ የቀረውን፣ እናቱ በር በሩን የምታየውን እያነሡ ያስለቅሳሉ። በሁለተኛው ቀን እኔም አለቀስኩ፤ እንዴት ላላለቅስ እችላለሁ? በንጋታው አንደኛው ተሸካሚ ሳጥኑን ሲያስቀምጥ እግርጌውን ወደ ምሥራቅ ማድረግ ጀመረ፤ ስንነሣ ውስጡ ምን እንደሆነ የተነገረው እሱ እንኳ ተጠራጥሮ ነበር። አንድ ደግ ቄስ ለብረት ዘንግ ሙሉ ፍትሐት አደረሱለት። በዚህ ምድር ላይ እንደዚያ መሣሪያ ኃጢአቱ የተሰረየለት ዕቃ ያለ አይመስለኝም።

ሃምሳ አለቃው በሁለተኛው ቀን ለብቻዬ ወስዶ፣ ይህ ነገር ደግ አይደለም፣ ሬሳ እንዳልሆነ እንንገራቸው አለኝ። እሱ የሌላ አገር ሰው ነው፤ ንፍሮውም ልቅሶውም አስጨንቆት ነበር። ምስጢር ነው አልኩት። ማኅተሙን አሳየሁት። ማኅተሙ እውነት ነው፣ ግን እኔን ዝም ያሰኘኝ ማኅተሙ አይደለም። ልናገርና ይውጣልኝ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም ነበር። ሽማግሌዎች ከበቅሎ ይወርዱልኛል፣ ሴቶች እግሬን ያጥቡኛል፣ ባለርስቱ ወንበሩን ለቆ እኔን ያስቀምጠኛል። ሳጥኑን ከፍቼ ብረት ባሳያቸው የበላሁት ንፍሮ ሁሉ መሳቂያ ያደርገኛል ብዬ ፈራሁ። አንድ አጥቢያ ባለፍን ቁጥር መናገሩ እየከበደኝ ሄደ።

ወዴት ነው የምትወስዱት ሲሉን ግን የአጥቢያውን ስም እንናገር ነበር። እሱ ምስጢር ነው አልተባለማ። ከዚያ አጥቢያ ደግሞ ጦር ሠራዊት የገባ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ገበያተኛ ከእኛ በፊት ይደርሳል፤ እኛ በየመንደሩ እያረፍን ስንጎተት ወሬው ሁለት ቀን ቀድሞን ገባ።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከመንደሯ በላይ ያለውን ዳገት ስንሻገር ታች ያለው ሕዝብ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሞ አየን። ድንኳን መሰል ዳስ ተሠርቷል። ቀሳውስቱ ጥላ ዘርግተዋል። እንዲያው በሞቴ፣ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? እኛን ለመቀበል ነው አልኩ። ኮቴን አስተካከልኩ።

ሴትዮዋን አላወቅኋትም ነበር። ፀጉሯን ተላጭታለች፣ ፊቷን ነጭታ ደም ደርቆበታል፣ ወገቧን በገመድ አሥራለች። ሁለት ሴቶች በብብቷ ይዘዋት እስከ ሳጥኑ መጣች። ባንዲራውን በእጇ ገፋ አድርጋ መስቀሉን ዳሰሰችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ክፈቱልኝ፣ ፊቱን ልየው" አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። የመንግሥት ጉዳይ ነው ልል ነበር፤ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሃምሳ አለቃው የሳጥኑን ቁልፍ ከኪሴ መንትፎ ወሰደና ከፈተው። በተጎዘጎዘ ገለባ ላይ የተጋደመውን ዘንግ አየች። እጇን እስከ ክንዷ አስገብታ ገለባውን ገለበጠች፣ አራቱንም ማዕዘን እየዳሰሰች ፈለገች፤ ሌላ ነገር እንደሌለ እስከምታምን ድረስ ብዙ ቆየች። ሃምሳ አለቃው ከጎኗ ተንበርክኮ ለመሬትዎ የመጣ የብረት መፈለጊያ ነው፣ ልጅዎን በተመለከተ ምንም የምናውቀው የለም ብሎ ነገራት። እሷ መሬት ላይ ተቀመጠችና ወደ እኔ ቀና ብላ አየችኝ።

"ጌታዬ፣ ሰው መንገድ ላይ ሲጠይቅዎ ሬሳ አይደለም ቢሉ ምን ይጎድልብዎ ነበር?"

አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ግን ኀፍረቴም አልቆየም። አንዲት ሴት እልል አለች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ልጁ በሕይወት አለ ማለት ነው ተባለና ልቅሶው ባንድ ጊዜ ደስታ ሆነ። ቀሳውስቱ ጥላቸውን አጥፈው ሳቁ። ለቀብሩ የተዘጋጀው ምግብ ወጣ፤ ጠላው ወጣ፣ ሥጋው ወጣ። አምስት ቀን ንፍሮ ብቻ ስበላ ስለቆየሁ ሥጋውን ሳይ ሁሉን ነገር ረሳሁት። ባለወሬ እኔው ሆንኩ። ሽማግሌው ከበቅሎ እንዴት እንደወረዱ፣ ቄሱ ብረቱን እንዴት እንደፈቱት እያወራሁ ዳሱን ሁሉ አሳቅሁት። ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ። ሴትዮዋ ራሷ ቆማ ታስተናግድ ነበር፤ ለእኔም ጉበቱን አቀረበችልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ እርሻው ወረድን። ሃምሳ አለቃው ዘንጉን ይዞ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ከዳር ጀመረ። መንደሩ በሙሉ ከሩቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያል። እኩለ ቀን ሳይሞላ ከአፈሩ ሥር ሁለት ቦምብ አገኘ፤ በጥንቃቄ አወጣቸውና ራቅ ካለው ገደል ወስዶ አፈነዳቸው። ከዚያ መሬቱን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ተመላለሰበት፤ መሣሪያው አንድም ጊዜ አልጮኸም። ለዚህ ግማሽ ቀን ሥራ ነው አንድ ወር ከመንፈቅ ያስጠበቅናት። ደመናው ከምዕራብ በኩል ጠቁሮ እየመጣ ነበር። ሃምሳ አለቃው ማዳመጫውን አወለቀ፤ ከተዋወቅን ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

"እንግዲህ ይረሱ እናቴ፣ መሬትዎ ንጹሕ ነው" አላት።

"በምን?" አለችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ የጠየቀችው የምሯን ነው። "በሬዬን ለልጄ ቀብር ብዬ አርጄው፣ ትናንት አብረን በላነው እኮ።"

ሃምሳ አለቃው ወደ እኔ ዞረ። ወንድሟ ወዲያ ማዶ አንገቱን ደፍቶ በበትሩ መሬቱን ይቆረቁር ነበር። ያንድ በሬ ባለቤት ክረምት ከመግባቱ በፊት መቀናጆ ይፈልጋልና እሱም በሬውን ከሌላ ሰው በሬ ጋር ለማቀናጀት ያን ዕለት ጠዋት ቃል ሰጥቶ ነበር። የዚያ ሰው እርሻ ይቀድማል። ሦስት ዓመት ያልተነካ መሬት ደግሞ ደጋግሞ ካልታረሰ ዘር አይቀበልም። ወንድሟ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አስረዳኝ፤ እኔን ግን የሚሰማኝ ገና ከጥርሴ መካከል ያልወጣው ሥጋ ነው። ወንዝ ወርጄ ተፋሁት።

ሰቆጣ ተመልሼ ሪፖርቱን በራሴ እጅ ጻፍኩ፤ መሣሪያው አንድ ሙሉ ሆኖ ወጥቶ አንድ ሙሉ ሆኖ መመለሱን፣ ሥራውም በተሟላ ሁኔታ መከናወኑን። ዋና ጸሐፊው ፈርመው በደስታ ትከሻዬን መቱኝ፣ እኔም በዓመቱ አደግሁ። ዝናቡ በሰኔ መግቢያ ላይ ጣለ። ያ መሬት፣ አንድ ብረት ሳይኖርበት፣ ያን ክረምት ጦሙን አደረ።